የደም ኪኒን፣ ቡና፣ ወባና ቅቤ፦ ጅማ ላለችው ነፍሰ ጡር እህታችን

እህቴ፣ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነሽ፣ የደም ኪኒኑ ስላቅለሸለሸሽ አቁመሻል፣ ቤታችሁ ቡና በቀን ሦስቴ ይፈላል፣ ስትወልጂ ደግሞ አማትሽ ከአጋሮ መጥተው ሕፃኑን ቅቤ ሊያልሱት ነው። ምኑን ልተው ምኑን ልያዝ ብለሻል። ከኪኒኑ ልጀምር፣ ዛሬ ማታ የሚስተካከለው እሱ ነው።

ኪኒኑን ቀጥዪ። በአብዛኛው 60 ሚሊ ግራም አይረንና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ አለው፤ በቀን አንድ ፍሬ ነው። ይበልጥ የሚያቅለሸልሸው በባዶ ሆድ ሲዋጥ ስለሆነ እራት በልተሽ ልትተኚ ስትይ ውሰጂው፤ ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ ወይም ብርቱካን ይከተለው። በወተት ወይም በሻይ አትዋጪው። ሰገራሽ ቢጠቁር ከአይረኑ ነው፣ አያስደነግጥም። የሆድ ድርቀት ከመጣ ውሃና ጎመን ጨምሪ። ይህም ካልተስማማሽ ለአዋላጅ ነርሷ ንገሪያት፣ መጠኑን ወይም አወሳሰዱን ታስተካክልልሻለች።

ቡናን በተመለከተ፣ በጅማ ቤት ነፍሰ ጡርን ጭራሽ አትቅመሺ ማለት የሚያዛልቅ ምክር አይደለም፤ የሚያስፈልገው መጠኑንና ሰዓቱን መለወጥ ነው። ካፌይን በቀን ከ200 ሚሊ ግራም ባያልፍ ይመረጣል። የኛ ቡና ወፍራም ስለሆነ በሦስቱም ጊዜ ከአቦል እስከ በረካ መጠጣት ከዚህ ሊያልፍ ይችላል፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ሲኒ ይብቃሽ። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ሰዓቱን ነው። በቡና ውስጥ ያሉት ፖሊፌኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች በምስር፣ በጎመንና በጤፍ ያለውን አይረን አንጀት ውስጥ ይይዙትና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋሉ። ከምሳ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣ ቡና ከምሳው ጋር የተጠጣውን ያህል ያግዳል፤ ከምሳ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣው ግን ይህን ያህል ጉዳት የለውም። እኛ ደግሞ ምሳ እንደተነሳ ነው ረከቦት የምናቀርበው። ስለዚህ ያንቺ ቡና ከምሳ በፊት፣ ረፋዱ ላይ ይሁን፤ ከኪኒኑም ቢያንስ በሁለት ሰዓት ይራቅ። ምሳሽ ላይ ጥሬ ቃሪያ ወይም ቲማቲም ጨምሪ፣ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ሲ አይረኑ ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል። ጫት የምትቅሚ ከሆነ ግን እሱን ሙሉ በሙሉ ተዪው፤ የሕፃኑን የልደት ክብደት ይቀንሳል።

አንቺ ሳትጠይቂ ማንሳት ያለብኝ ወባን ነው። ከተማው ከፍ ያለ ቢሆንም በግልገል ጊቤ ዙሪያ፣ በአሰንዳቦ በኩል ዘመድ ጥየቃ ወይም ለቅሶ መሄድ አይቀርም፤ ከክረምት ማብቂያ በኋላ ያሉት ወራት ደግሞ ወባ የሚበረታባቸው ናቸው። በእርግዝና ጊዜ ተውሳኩ እንግዴ ልጅ ውስጥ ስለሚከማች እናትየው ብዙም ሳትታመም ሕፃኑ ሊጎዳ፣ ክብደቱ አንሶ ሊወለድ ይችላል። ሄደሽም ሆነ ቤትሽ ሆነሽ ትኩሳት ከተሰማሽ በዚያው ቀን ደምሽን ተመርመሪ። ከባልሽ የተረፈ የወባ መድኃኒት አትዋጪ፤ በተለይ ፕሪማኪን የሕፃኑን ቀይ የደም ሴሎች ሊያፈርስ ስለሚችል ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። የምትተኚበት አጎበር ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውሃና በተራ ሳሙና ታጥቦ ጥላ ላይ ይሰጣ፤ በረኪናና ፀሐይ አጎበሩ ላይ ያለውን የትንኝ መድኃኒት ያጠፉታል።

በሚቀጥለው ክትትልሽ የሄሞግሎቢን፣ የኤች አይ ቪ፣ የቂጥኝ፣ የሄፓታይተስ ቢ፣ የሽንትና የደም ዓይነት ምርመራ መደረጉን አረጋግጪ። ደምሽ አርኤች ኔጋቲቭ ከሆነ የፀረ ዲ መርፌ (ደምሽ የልጅን ፖዘቲቭ ደም የሚያጠቃ መከላከያ እንዳያመርት የሚያደርግ) ከአሁኑ መታሰብ አለበት፤ ውድ ነው፣ በየፋርማሲው አይገኝም፣ ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት። ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ደም መፍሰስ ወይም የሕፃኑ እንቅስቃሴ መቀነስ ካለ ቀጠሮ አትጠብቂ።

አሁን ወደ ቅቤው። አማትሽ የሚያደርጉት ለልጁ አንጀት አስበው ነውና ክርክር አትግጠሚ። ነገር ግን አራስ ልጅ ቅቤ ሲልስ ወደ ሳንባው ሊገባና ሊያሳምመው ይችላል፣ ጀርምም ይዞ ይገባል፤ ሆዱን ስለሚሞላውም ጡት መጥባቱን ይቀንሳል። ቅቤው ለአንቺ ገንፎ ይሁን፤ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል፣ ልጁም አይጎዳም። ለሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይሰጠው። ቢጫው እንገር እንዳይታለብና እንዳይደፋ፣ የመጀመሪያ መከላከያው እሱ ነው። እስከ ስድስት ወር ውሃም፣ የአብሽ ውሃም፣ ስኳር ውሃም አያስፈልገውም። ገላውን ማጠብ ከ24 ሰዓት በኋላ ይደርሳል።

እትብቱ ላይ ቅቤም እበትም አይደረግ። ጤና ተቋሙ የክሎርሄክሲዲን ቅባት ከሰጠሽ በቀን አንዴ ለ7 ቀን እትብቱ ላይ ብቻ ይቀባል። ቱቦው ከዓይን ቅባት ቱቦ ጋር ስለሚመሳሰል ሰዎች ተሳስተው ዓይን ውስጥ ጨምረውታል፤ የዓይንን ብሌን ያቃጥላል፣ እስከ መታወርም ያደርሳል። ገና ከጤና ተቋም ሳትወጪ «ለእትብት» ብለሽ ላዩ ላይ ጻፊበት፣ ከሌላ መድኃኒት ጋርም አታስቀምጪው። ድንገት ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ እያጠባችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ።

በአራስ ቤት ውስጥ ከሰል አይደር። ለሙቀት ከጭስ ይልቅ ኮፍያና ያንቺ ገላ ይሻላሉ።

ሕፃኑ ጡት እምቢ ካለ፣ ጸጥ ብሎ ሳለ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ሙቀቱ 37.5 ከደረሰ ወይም ከ35.5 ከወረደ፣ ከተንቀጠቀጠ፣ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ቢጫ ከሆነ ወይም ቢጫው መዳፉና ውስጥ እግሩ ከደረሰ፣ እንጥል ቆራጭም ሆነ የጠዋት ፀሐይ መፍትሔ አይደለም። ሌሊትም ቢሆን ልብስሽ ሥር ደረትሽ ላይ አጣብቀሽ፣ መጥባት ከቻለ እያጠባሽ፣ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ውሰጂው።