ዊንዶውስና ኡቡንቱ ፋይል እንዲጋሩ

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ላይ ዊንዶውስ 10 እና ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ጎን ለጎን ተጭነዋል። በዊንዶውስ ያዘጋጀኋቸውን ሰነዶች ከኡቡንቱ ሆኜ መክፈት ብችልም አርሜ ማስቀመጥ አልቻልኩም፤ በኡቡንቱ ያስቀመጥኩትን ደግሞ ዊንዶውስ ጭራሽ አያየውም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የመጀመሪያው ችግር መነሻ በዊንዶውስ ውስጥ ያለው «ፋስት ስታርትአፕ» ሳይሆን አይቀርም። ይህ አሠራር በርቶ ሳለ «ሸት ዳውን» ቢሉም ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ቶሎ ለመነሣት እንዲመቸው የሥራ ይዞታውን በከፊል ዲስኩ ላይ አኑሮ ያንቀላፋል። ኡቡንቱም እንዲህ የተተወ ዲስክ ላይ ቢጽፍ መረጃ ሊበላሽ ስለሚችል፣ ማንበብን ብቻ ይፈቅዳል። ክልከላውን በትእዛዝ ማለፍ ቢቻልም፣ በሰነዶችዎ ላይ ባይሞክሩት አጥብቄ እመክራለሁ። ይልቁንስ በኮንትሮል ፓነል «ፓወር ኦፕሽንስ» ውስጥ የማጥፊያ ቁልፉን ተግባር ወደሚወስነው ገጽ ገብተው፣ ከ«ፋስት ስታርትአፕ» ፊት ያለውን ምልክት ያንሱና ኮምፒውተሩን ያጥፉት።

ሁለተኛው ችግር የሚመጣው ኡቡንቱ በተለምዶ የሚጫንበትን ኤክስት4 የተባለ የፋይል ሥርዓት (ፋይሎች በዲስክ ላይ የሚደራጁበትን ዘዴ) ዊንዶውስ በራሱ ማንበብ ስለማይችል ነው። ስለዚህ ሰነዶችዎን በሌላ ዲስክ ከገለበጡ በኋላ፣ ሁለቱም የሚጋሩት ሦስተኛ ክፍልፋይ (ከዲስኩ ተለይቶ የሚመደብ ቦታ) ከፍተው፣ ሁለቱም በሚያነቡትና በሚጽፉበት ኤንቲኤፍኤስ በተባለ የፋይል ሥርዓት ፎርማት ያድርጉት። ፋት32 የተባለው ሌላው የፋይል ሥርዓት ግን እያንዳንዱ ፋይል 4 ጊጋባይት ከደረሰ ስለማይቀበል፣ ረጃጅም ቪዲዮ ለሚያስቀምጥ ሰው አይበጅም።