ፋሲካ ካለፈ በኋላስ?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ተመካክረው የተጻፉ ይመስላሉ። ሁሉም ዞረው ዞረው «ተለውጬ ነበር፣ ግን አልጸናልኝም» ይላሉ። የጅማ ዝናብ ከቤት አላስወጣ ስላለኝ ቡናዬን ይዤ ተቀመጥኩ።

«በየዓመቱ ሁዳዴ ሲገባ ጫት አቆማለሁ። 55ቱንም ቀን ንክች አላደርገውም። ፋሲካ ካለፈ ሳምንት ሳይሞላ ግን በርጫው ላይ ነኝ። እምነቴ የውሸት ነው?» (ከመንደራ)

የውሸት ቢሆን 55 ቀን አትችልም ነበር። እስቲ ሰዓቱን እንየው። በሁዳዴ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው። በርጫስ ስንት ሰዓት ነው የሚጀመረው? እሱም ያኔ ነው። አንተ ሳታስበው ቤተ ክርስቲያን ያንን ሰዓት ሞልታልህ ነበር። ቤተሰቡም ይጾማል፣ ጎረቤቱም ይጾማል፣ ብቻህን አልነበርክም። ፋሲካ ሲሆን ቅዳሴው ወደ ጠዋት ይመለሳል። እስከ ጰራቅሊጦስ ድረስ 50 ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ጊዜው የደስታ ነው፣ መሆንም አለበት። ላንተ ግን ምርኩዙ በአንድ ሌሊት ተነሳ፣ ከሰዓት በኋላህም ባዶ ቀረ።

በማቴዎስ 12 ላይ ከሰው የወጣው ርኩስ መንፈስ ተመልሶ ሲመጣ ቤቱ ተጠርጎ፣ አጊጦ አገኘው ይላል። ግን ባዶ ነበር። ሰባት ሌሎችን ይዞ የገባው ለዚህ ነው። ስለዚህ ለንስሐ አባትህ «ጫት ልተው» ብቻ አትበላቸው። «ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ የት ልሁን? ከማን ጋር?» ብለህ ጠይቃቸው። መልሱን ፋሲካ ሳይመጣ ያዘው።

አንድ ነገር ልጨምር። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ዱካክ ቢያስጨንቅህ፣ ድብርት ቢጫጫንህ፣ ሰይጣን ተነሳብኝ ብለህ አትደንግጥ። ብዙ ቃሚ ሲያቆም የሚገጥመው ነው። ከከፋብህ ሐኪም አማክር፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለው። ጸሎቱንም አትተው። ሁለቱ አይጣሉም።

«ቡና ነጋዴ ነኝ። ድሮ ከገበሬ ስገዛ ሚዛን ላይ እጫወት ነበር። ንስሐ ገብቻለሁ። ግን አንዳንዶቹን ገበያ ላይ ሳያቸው ዓይኔን እሰብራለሁ።» (ከሂርማታ)

ዓይንዎ እውነቱን እየነገርዎት ነው። ዘኬዎስን ያስታውሱ፣ ሉቃስ 19 ላይ ያለውን ቀራጭ። የሀብቴን እኩሌታ ለድሆች፣ በሐሰት የወሰድኩትንም አራት እጥፍ እመልሳለሁ ነው ያለው። ለውጡ ኪሱ ድረስ ገባ። የሚያውቋቸውን ገበሬዎች ፈልገው ይክፈሏቸው። የማያገኟቸውን ድርሻ ከንስሐ አባትዎ ጋር ተማክረው ለድሃ ይስጡ። አራት እጥፉ ከከበደዎት በወሰዱት ልክ ይጀምሩ፤ እሱም ቀላል አይደለም። ከእንግዲህ ደግሞ ሚዛኑን ወደ ገበሬው ያዙሩት። መርፌው እስኪቆም እጅዎን ያንሱና ቁጥሩን እሱ ያንብበው።

«በቀን አንድ ሰዓት ልጸልይ ብዬ እጀምራለሁ፤ ከሦስት ቀን አያልፍም።» (ተማሪ)

አንድ ሰዓት በዝቶብሃል። አባታችን ሆይና አንድ መዝሙረ ዳዊት፣ ጫማህን ከማሰርህ በፊት። ስልክህ ከአልጋህ ርቆ ይደር።

«ጌታን ከተቀበልኩ ሦስት ዓመቴ ነው። ብዙ ነገር ተውኩ። ቁጣዬ ግን ልጆቼ ላይ አሁንም ይነዳል። አዲስ ፍጥረት ከሆንኩ ይሄ ምንድን ነው?» (ከጂንጆ)

ሙሴ ጸሊምን ታውቂዋለሽ? በ4ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረ መነኩሴ ነው፤ ከዚያ በፊት የሽፍታ አለቃ ነበር። መንኩሶም የድሮ ምኞቱ አልለቀው አለ። ወደ አባ ኤስድሮስ ሄደ። አረጋዊው ጎህ ሲቀድ ጣራ ላይ አወጡትና ብርሃኑ ሌሊቱን የሚያባርረው ቀስ እያለ መሆኑን አሳዩት ይባላል። ጅሬን ኮረብታ ላይ በማለዳ የቆመ ሰው ይሄ አይጠፋውም። እላይ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሲነጋ፣ ታች ከተማው ገና ጉም ውስጥ ነው።

እስኪነጋ ግን ልጆቹን ይቅርታ ጠይቂ። እኔ አንድ ጠዋት በፈሰሰ ሻይ ምክንያት ልጄ ላይ ጮህኩበት። ማታ አጠገቡ ተቀምጬ «ይቅርታ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ነገስ?» አለኝ። እስካሁን አፌን ልከፍት ስል የምትይዘኝ ያቺ ቃል ናት፤ ሁልጊዜ ባይሆንም።

«መንፈሳዊ ሕይወት ከጀመርኩ ወዲህ ሙስሊም ጓደኞቼ ጋ መሄድ ተውኩ። ዘንድሮ ለዒድ ጠርተውኝ ቀረሁ። ልክ ነኝ?» (ከቦሳ አዲስ)

አይደለሽም። ሥጋው ለየብቻ መሆኑን ጅማ ላይ ያላወቀ የለም፤ ብዪ ብሎ የሚያስገድድሽም የለም። ቡናው ምን አደረገሽ? ስትታመሚ የጠየቁሽን ሰዎች የሚያስጠላሽ ከሆነ ያ መንፈሳዊ ሕይወት የሆነ ቦታ ላይ ስቷል። ዘግይተሽም ቢሆን ሂጂ። ባዶ እጅሽን አትሂጂ፤ በረካውን ሳትጠጪም አትነሺ።