ኮርስ ካለቀ በኋላ ዲቢኤ ለመጨረስ የሚቀረው

በፍኖተ ሰላም አካባቢ የአንድ ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ሥራ አስኪያጅ የሆኑ አባላችን፣ ከውጭ ዩኒቨርሲቲ በርቀት የሚከታተሉትን የዲቢኤ (በቢዝነስ አስተዳደር የሚሰጥ የዶክትሬት ዲግሪ) ኮርስ መጨረሳቸውን ገልጸው፣ «ለመመረቅ ምን ይቀረኛል? ስለ አፈር ማዳበሪያ ሥርጭት ለቦርድ ያዘጋጀሁትን ጥናት አስፋፍቼ ማቅረብስ እችላለሁ?» ሲሉ ጠይቀዋል። እኔም ባሕር ዳር ሆኜ ከሥራ ጎን ለጎን ይህንኑ ዲግሪ የጨረስሁ በመሆኔ የማውቀውን እመልሳለሁ።

የየዩኒቨርሲቲው ደንብ ቢለያይም ቅደም ተከተሉ ተቀራራቢ ነው። በብዙ የአሜሪካ ፕሮግራሞች ከኮርስ ቀጥሎ አጠቃላይ ፈተና አለ፤ በእንግሊዞቹ ዘንድ ግን አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ወደ ፕሮፖዛል፣ ማለትም ወደ ምርምር ዕቅድ፣ ይታለፋል። ከዚያ ፕሮፖዛሉ ይጸድቃል፣ የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድ ይገኛል፣ መረጃ ይሰበሰባል፣ ጽሑፉ ተጠናቆ በገምጋሚዎች ፊት ይቀርባል። ከባዱ ሥራ ገና የሚቀርዎት ነውና የኮርሱን ማለቅ ወደ ፍጻሜው እንደ መቃረብ አይቁጠሩት።

የቦርዱን ጥናት በተመለከተ መልሴ፣ እንዳለ ማቅረብ አይችሉም፣ መነሻ አድርገው ግን ሊጠቀሙበት ይችላሉ የሚል ነው። የቦርድ ሪፖርት ማዳበሪያው ለምን እንደ ዘገየና ዩኒየኑ ምን ማድረግ እንዳለበት ይነግራል፤ የዶክትሬት ጽሑፍ ደግሞ ከዚህ በፊት ሌሎች ያጠኑትን መርምሮ፣ ያልተመለሰውን ጥያቄ ለይቶ፣ መልሱ ቡሬም ሆነ ዳንግላ ለሚሠራ ሌላ ሥራ አስኪያጅ እንዲጠቅም አድርጎ ማሳየት አለበት። «ማዳበሪያ ለምን ዘገየ» የሚለው ጥያቄ ለምሳሌ፣ «መሠረታዊ ማኅበራት የአባሎቻቸውን ፍላጎት የሚያጠናቅሩበት መንገድ የአቅርቦቱን ትክክለኛነት እንዴት ይነካል» ወደሚል ቢለወጥ ለምርምር ይመቻል። ዩኒቨርሲቲዎች ጽሑፍን የተገለበጠ ነገር በሚለየው በተርኒቲን ወይም በመሰል ሶፍትዌር ስለሚያጣሩ፣ ቀደም ሲል የጻፉትን ራስዎም ቢሆኑ ሳይጠቅሱ መገልበጥ እንደ ጥፋት ሊቆጠር ይችላል።

በእኔ አስተያየት በዲቢኤ ተማሪዎች ላይ የሚበረታው የሥነ ምግባር ፈቃዱ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኞቻችን የምናጠናው የምንመራውን መሥሪያ ቤት ነው። የእኔ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አጥብቆ የጠየቀኝ፣ በእኔ ሥር የሚሠራ ሰው ቃለ መጠይቁን አልፈልግም ለማለት እንዴት ይችላል የሚለውን ነበር። እርስዎንም መጠየቃቸው አይቀርም። ቃለ መጠይቁን ከእርስዎ ሥልጣን ውጭ የሆነ ሰው እንዲያካሂድ ማድረግ፣ የሌላ ዩኒየን ሠራተኞችን መምረጥ ወይም ስም የማይጠየቅበት መጠይቅ ማሰራጨት ተቀባይነት ሊያገኙ የሚችሉ መፍትሔዎች ናቸው፤ የትኛውንም ቢመርጡ ግን የራስዎን ድርሻ በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ ማስፈር አለብዎት። የፈቃደኝነት ቅጹ በአማርኛ ይዘጋጅ፤ ማንበብ ለማይችሉ ገበሬዎችም በቃል ተነብቦላቸው ምስክር ባለበት የሚሰጡትን ፈቃድ ኮሚቴው እንዲቀበል አስቀድመው ያመልክቱ። ፈቃዱ ሳይደርስዎ የሰበሰቡትን መረጃ ዩኒቨርሲቲው ውድቅ ሊያደርግብዎት ስለሚችል፣ የቱንም ያህል ቢቸኩሉ አይጀምሩ።

የመስክ ሥራውን ጊዜ ወደ ኋላ ቆጥረው ያቅዱ። ከግንቦት እስከ ሐምሌ የማኅበራቱ ሰዎች በማዳበሪያ ይያዛሉ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ የአጨዳና የውቂያ ወቅት ነው፤ ስለዚህ የካቲትና መጋቢት ይሻላሉ፤ ፈቃዱም ከዚያ በፊት በእጅዎ መግባት አለበት። ቃለ መጠይቁ በአማርኛ ከተደረገ የአማርኛውን ግልባጭ ያስቀምጡ፣ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙም የተወሰነውን ሌላ ሰው ወደ አማርኛ መልሶ እንዲተረጉመው ያድርጉ፤ ገምጋሚዎች ይህን መጠየቃቸው የተለመደ ነው።

በገምጋሚዎች ፊት መቆምን የዋሸራ የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ለመምህሩ ሲነግር ከሚገጥመው ጋር አመሳስለዋለሁ፤ እያንዳንዱ ቃል ለምን እንደ ገባ ይጠየቃሉ፣ ማረምም ያለ ነው። ማስተካከያ ሳይጠየቅ የሚያልፍ ጥቂት ነው፤ ጥቃቅን እርማት ታዝዞ ማለፍ ደግሞ ጥሩ ውጤት ነው።

ዲቢኤ ከፒኤችዲ ያንሳል የሚሉ ይኖራሉ። በእንግሊዝ የብቃት ማዕቀፍ ሁለቱም 8ኛ ደረጃ ናቸው፤ ሃርቫርድም ከ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንሥቶ ለረጅም ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችን ሳይቀር ያስመረቀው በዲቢኤ ነበር። ለእርስዎ ከዚህ ክርክር ይልቅ የሚበጀው፣ የውጭ ዲግሪዎን አቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን በርቀት ለተገኘ ዶክትሬት ምን እንደሚጠይቅ ቀጣዩን ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ማጣራት ነው። ዩኒየኑን ለማጥናት የቦርዱን የፈቃድ ደብዳቤም በማኅተም አሁኑኑ ያውጡ፤ በጠቅላላ ጉባኤ የቦርዱ አባላት ቢለወጡ ለአዲሶቹ ሁሉንም ከመጀመሪያው ማስረዳት ይኖርብዎታል።