ወንድ የሌላት እባብ «እባቡ» ትባላለች?

ጥያቄ፦ ስለ አንዲት ትንሽ የሐሩር አካባቢ እባብ የተጻፈ ጽሑፍ ወደ አማርኛ መልሼ ነበር። «እባቧ ያለ ወንድ እንቁላል ትጥላለች፤ ልጆቿም ሁሉ ሴቶች ናቸው» ያልኩትን አርታኢው «እባቡ ያለ ወንድ እንቁላል ይጥላል፤ ልጆቿም ሁሉ ሴቶች ናቸው» ብሎ አረመው። ምክንያቱ «እባብ በአማርኛ ተባዕታይ ነው» የሚል ነው። የተሳሳትነው ማናችን ነን? ስሟንስ «ዕውር እባብ» ልበል ወይስ «ዓይነ ስውር እባብ»?

መልስ፦ የታረመውን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያለ ወንድ እንቁላል የሚጥል ወንድ! «ልጆቿ» ደግሞ ከእርማቱ አምልጣ ቀርታለች፤ ስለዚህ አንዷ እናት በግሡ ወንድ፣ በአገናዛቢው ሴት ሆና ቁጭ ብላለች።

አርታኢው ግን ከመሬት ተነሥቶ አልተናገረም። ፆታው ያልታወቀ እባብ በአማርኛ በወንድ አንቀጽ ይነገራል። ሔዋን በኦሪት ዘፍጥረት «እባብ አሳተኝና በላሁ» አለች እንጂ «አሳተችኝ» አላለችም። ተረቱም «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» ነው። ጅብና አንበሳም እንዲሁ ናቸው፤ አይጥና ድመት ደግሞ ሳይጣራ በሴት ይጠራሉ። ይህ ግን ልማድ ነው፤ የሚሠራውም ተናጋሪው የእንስሳውን ፆታ ሳያውቅ ወይም ጉዳዬ ሳይል ሲቀር ነው። ሲያውቅ ዕውቀቱ ልማዱን ይሽረዋል። «ውሻው ወለደ» የሚል ሰው አላጋጠመኝም።

እርስዎ ስለጻፉላት እባብ ደግሞ የምናውቀው ብዙ ነው። ከደቡብ እስያ ተነሥታ የሐሩር አገሮችን ያዳረሰችው ይህች ፍጥረት አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች፤ ውፍረቷ ከጫማ ክር ብዙም አይበልጥም። ጠቆር ያለች፣ የምታንጸባርቅ፣ አፈር ውስጥ የምትኖር ናት። የጉንዳንና የምስጥ እንቁላልና እጭ ትበላለች፤ መርዝ የላትም። ያያት ሰው የመሬት ትል ይላታል፤ ቀረብ ብሎ ላስተዋለ ግን የትል ቀለበት የላትም፣ ቅርፊት አላት፣ ምላስም ታወጣለች። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንላለን፤ እዚህ ነገሩ ተገልብጦ እባቧ ራሷ ልጥ መስላለች።

ከዚህ ዝርያ እስከ ዛሬ ወንድ አልተገኘም። የታወቁት ሁሉ ሴቶች ናቸው። የክሮሞሶም ስብስባቸው እንደ አብዛኛው እንስሳ ሁለት እጅ ሳይሆን ሦስት እጅ ነው፤ እያንዳንዷም ሳትዳራ እስከ 8 እንቁላል ትጥላለች። የተስፋፋችውም በዚሁ ነው፤ በአበባ ሸክላ አፈር ተደብቃ እስከ ሃዋይና ፍሎሪዳ ስትጓዝ፣ አዲስ አገር ለመያዝ አንዲቷ ብቻ ትበቃለች። እንግዲህ «እባቡ» የሚለው ቃል በዚህ ዝርያ ውስጥ የሚያመለክተው አንድ እንኳ የለውም።

ወንድ ቢኖራት ኖሮ እንኳ እኔ «እባቧ» ማለትን እመርጥ ነበር። አማርኛ ትንሽን ነገር በሴት ይጠራልና። የወር መጨረሻ ላይ «ይህቺ ደመወዝ የት ትደርሳለች?» የሚል ሰው ደመወዙ ሴት ናት ማለቱ አይደለም፤ ማነሷን መናገሩ ነው። «በዚህች ጠባብ ክፍል»፣ «አንዲት ዳቦ» ስንልም ያው ነው። አንዳንዴ ፍቅር፣ አንዳንዴ ንቀት ይታከልበታል፤ ልዩነቱን ድምፅ ይለየዋል። ዘንዶን ግን በዚህ መንገድ «ዘንዶዋ» ብለው ቢያሳንሱት አንባቢ ይስቃል፤ ሴትነቷ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር።

አርታኢው የሚጽናና ከሆነ፣ ሳይንስም በዚህ ጉዳይ ተደናቅፏል። እባቧ በ1803 እ.ኤ.አ. ስም ስትቀበል ወንድ እንደሌላት የሚያውቅ አልነበረም፤ የዛሬው የላቲን ስሟ «ኢንዶቲፍሎፕስ ብራሚነስ» ሲሆን፣ መጨረሻው ላይ ያለችው «ኡስ» በላቲን የወንድ ምልክት ናት። የሳይንስ ሰዎች ስሙን ሊቀይሩት አይችሉም፤ እኛ ግን አንቀጹን እንችላለን። ጭቅጭቁ ከበረታ «እባቦቹ ይጥላሉ» ብለው በብዙ ቁጥር ይሸሸጉ፤ በብዙ ቁጥር ግሣችን ወንድና ሴት አይለይም። ብቻ አንዴ «እባቧ» ካሉ ቅጽሉም፣ ግሡም፣ አገናዛቢውም አብረው ይሂዱ፦ «ትንሿ እባብ እንቁላሎቿን ትጥላለች።»

ስለ ስሟ፦ «ዓይነ ስውር» ለሰው አክብሮት ብለን የያዝነው ቃል ነውና ለእባብ «ዕውር» ይበቃል የሚሉ አሉ። እኔ በዚህች እባብ ላይ አልስማማም። «ስውር» የተሸፈነ፣ የተደበቀ ማለት ነው። የዚህች እባብ ዓይኖች ከቅርፊት ሥር የተሸሸጉ ሁለት ጥቋቁር ነጠብጣቦች ናቸው፤ ቅርጽ ባይለዩም ብርሃንን ከጨለማ ይለያሉ። ስለዚህ ፈጽማ ዕውር አይደለችም፤ ዓይኗ ግን በትክክል ስውር ነው።