ለፖቶማክ ስትራይፕድ ባስ የትኛው ቤይት ይሻላል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህ «ከሱቅ ሚኖ (ለማጥመጃ የሚሸጥ ትንሽ ዓሣ) ገዝቼ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ስትራይፕድ ባስ ፍለጋ እወጣለሁ፣ የሚነካልኝ ግን ትንንሽ ነጭ ፐርች ብቻ ነው፣ ሚኖዬን ጨረሱት፣ የቱን ዓሣ ቤይት (መንጠቆ ላይ የሚሰካ ማጥመጃ) ላድርግ?» የሚል ነው። መልሱ እዚያው ጥያቄህ ውስጥ አለ። ያቺ እየተናደድክ ነቅለህ የምትወረውራት ፐርች ናት ቤይትህ።

ስትራይፕድ ባስ፣ እዚህ ሜሪላንድ ሮክፊሽ የሚሉት፣ ሩቅ ሄዶ ምግብ የሚያማርጥ ዓሣ አይደለም። በዚያ ወር በዚያ ቦታ የሞላውን ያሳድዳል። የሱቁ ሚኖ ደግሞ አብዛኛው እርባታ ላይ ያደገ፣ ጣት የማታህል ነገር ነው። ባሱ አይበላውም ማለቴ አይደለም፣ ካገኘው ይበላዋል፤ ግን እሱ ጋ ሳይደርስ ፐርቾቹ ይቀራመቱታል። አንተም ያየኸው ይሄንኑ ነው።

በመጀመሪያ ቤይት ማድረግ የማይፈቀደውን ልንገርህ፣ ምክንያቱም ሰው የሚቀጣው እዚህ ላይ ነው። የድሮ አጥማጆችን ብትጠይቅ ምርጡ ቤይት ሄሪንግ ነው ይሉሃል። እውነታቸውን ነው። ሄሪንግ በፀደይ ከባሕር ወደ ወንዝ ሊራባ ይወጣል፣ ባሱም እግር በእግር ይከተለዋል። ግን እርሳው። በቁጥር በጣም ስለቀነሰ ከ2012 ጀምሮ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ሄሪንግ ይዞ ማስቀረት ከልክለዋል። ዩቲዩብ ላይ ሃድሰን ወንዝ ላይ በሄሪንግ ሲያጠምዱ ታያለህ፤ ያ ኒውዮርክ ነው፣ ሕጉ ሌላ ነው። የሄሪንግ ዘመድ የሆነው አሜሪካን ሻድም ያው ነው፣ ሜሪላንድ ውስጥ ከ1980 ጀምሮ የተከለከለ ነው። አፕሪል ላይ ፖቶማክ ዳር ያለው ፍሌቸርስ ኮቭ ሄደህ ሰው ሁሉ ሻድ ሲያወጣ ብታይ አትደናገር፣ አውጥተው ይለቁታል እንጂ ባልዲ ውስጥ አይጨምሩትም።

ታዲያ ምን ቀረ? ጊዛርድ ሻድ እና ነጭ ፐርች። ለእኔ የወንዙ ቤይት በቃ እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ጊዛርድ ሻድ ወፍራም፣ ብርማ፣ ቅባት ያለው ዓሣ ነው። ሽታው ውሃው ውስጥ ርቆ ይሄዳል፣ ባሱም ይወደዋል። ችግሩ ከሄሪንግ ጋር መመሳሰሉ ነው። ሁለቱም ብርማ ናቸው፣ ሁለቱም ሆዳቸው ሥር እንደ መጋዝ ጥርስ ይሻክራል። ስለዚህ እጅህ ላይ ይዘህ ሁለት ቦታ እይ። አንደኛ አፉን፦ የጊዛርድ አፍንጫ ድብልብል ነው፣ አፉ ትንሽ ወደ ታች ገባ ብሎ ላይኛው ከንፈር ታችኛውን ይሸፍነዋል። የሄሪንግ ግን ታችኛው መንጋጋ ነው ወደፊት የሚወጣው። ሁለተኛ የጀርባ ክንፉን፦ የጊዛርድ የክንፉ የመጨረሻ ዘንግ እንደ ክር ቀጥና ረዝማ ወደ ኋላ ትንጠለጠላለች። ሄሪንግ ይህቺ ክር የለውም። ክሯን ካላየህ ወይም ከተጠራጠርክ ልቀቀው። ለአንድ ቤይት ብለህ ቅጣት መክፈል አይረባም።

ጊዛርድ አልጌና ዝቃጭ ስለሚበላ በመንጠቆ መያዝ ከባድ ነው፣ የሚያዘው በሚወረወር መረብ ነው። መረብ ከመግዛትህ በፊት ግን የምትቆምበትን ቦታ ሕግ አንብብ። ፖቶማክ ላይ ዲሲ ሌላ፣ ሜሪላንድ ሌላ፣ ከዲሲ በታች ያለው ዋናው ወንዝ ደግሞ የራሱ ኮሚሽን አለው። ፈቃዱም እንደዚያው ነው።

ፐርች ላይ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም። በትንሽ መንጠቆ፣ ከግሮሰሪ በገዛኸው ሽሪምፕ ቁራጭ ወይም በትል ትይዛታለህ። ጠንካራ ናት፣ ባልዲ ውስጥ ትቆያለች፣ መንጠቆ ላይም ሆና ለረጅም ጊዜ ትዋኛለች። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቅ፦ ፐርችና ስትራይፕድ ባስ የቅርብ ዘመድ ናቸው፣ የባሱ ጫጩት ትንሽ ስትሆን ፐርች ትመስላለች። ጎኗ ላይ ከራስ እስከ ጅራት የተዘረጉ ጥቁር መስመሮች ካየህ ባስ ናት፣ ቶሎ መልሳት። እሷን ቤይት ማድረግ ወንጀል ነው፣ ነውርም ነው።

መጠኑን በተመለከተ ሰው «ትልቅ ቤይት፣ ትልቅ ዓሣ» ይላል። ልክ ነው፣ ግን አንተ ትልቁን ምን ልታደርገው ነው? ከ2024 ወዲህ በሜሪላንድ በኩል ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ላይ የምታስቀረው ከ19 እስከ 24 ኢንች ያለውን፣ በቀን 1 ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሆነው ይመለሳል። ስለዚህ ለቤት የሚሆን ጥብስ ነው የምፈልገው ካልክ 10 ኢንች ጊዛርድ ማንጠልጠል ትርጉም የለውም። ከ4 እስከ 6 ኢንች ያለች ፐርች ወይም ጊዛርድ ትበቃለች፣ 20 ኢንች ባስ እሷን ያለ ምንም ችግር ይውጣል። ይሄ ቁጥር በየጊዜው ይቀየራል፣ በወጣህ ቁጥር ስልክህ ላይ አረጋግጥ። በነገራችን ላይ ዲሲ ውስጥ የሚያዝ ዓሣን ስለመብላት ከተማው የሚያወጣው የጤና ማሳሰቢያ አለ፣ በተለይ ቤት ውስጥ ሕፃንና ነፍሰ ጡር ካለ ሳታነበው አትጥበስ።

አሁን ብዙ ሰው ወደማያስብበት ነገር ልምጣ። ከዓሣው ዓይነት ይልቅ የሚያሸንፈው የዓሣው ጉልበት ነው። የደከመ ጊዛርድ ከንቁ ፐርች አይበልጥም። ጊዛርድ ደግሞ ቶሎ የሚሞት ነው። አራት ማዕዘን ኩለር ውስጥ ከጨመርከው ጥጉ ላይ ተጣብቆ አፍንጫውን ሲያላጋ አፍንጫው ይቀላል፣ ቅርፊቱ ይረግፋል፣ ውሃው አረፋ ያወጣል፣ ከዚያ አለቀ። ክብ ባልዲ ተጠቀም፣ ትልቁን። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ግዛ። ጥቂት ዓሣ ብቻ ያዝ፣ አትጨናንቅ። ውሃው ከወንዙ ይሁን፣ የቧንቧ አይሁን። ዲሲና አርሊንግተን የቧንቧ ውሃ ውስጥ አብዛኛውን ዓመት ክሎራሚን አለ፣ እሱ እንደ ተራው ክሎሪን አንድ ሌሊት ስላደረ አይተንም፣ ዓሣውን ይገድለዋል። በጋ ላይ ውሃው ሲሞቅ በረዶውን እንዳለ አትክተት፣ በተዘጋ ላስቲክ ጠርሙስ አቀዝቅዘህ ጣልበት። የተረፈህን ቤይት ደግሞ ሌላ ሐይቅ ወስደህ አትልቀቅ።

አሰካኩ፦ ውሃው የሚሄድ ከሆነ በአፍንጫው ቀዳዳዎች በኩል ስካው፣ ፊቱን ወደ ወራጁ አዙሮ ይተነፍሳል፣ ይቆያል። ውሃው ከቆመ ከጀርባ ክንፉ ፊት ለፊት፣ ቆዳው ሥር ብቻ። አጥንቱን ከነካህ ሽባ ይሆናል።

የሞተ ቁራጭስ? ይሠራል፣ ትኩስ ከሆነ። በረዶ ቤት የከረመ ጊዛርድ ይለሰልሳል፣ ስትወረውረው ከመንጠቆው ይበራል። ዋናው ችግር ግን ብሉ ካትፊሽ ነው። ይሄ አምባዛ በ1970ዎቹ ወደ ቨርጂኒያ ወንዞች ገብቶ አሁን ፖቶማክን ሞልቶታል። ቁራጭ ጊዛርድ መሬት ላይ አስቀምጠህ ባስ ስትጠብቅ እሱ ነው የሚመጣው። ክንድ የሚሰብር ትግል ነው፣ ደስ ይላል፣ ግን ቅርፊት የሌለው ዓሣ ቤታችን አይገባም የምትሉ ብዙ ናችሁና ባስ ከፈለግክ ቤይቱን ከመሬት አንሳው። ወይ ተንሳፋፊ አድርግለት፣ ወይ ክሩ ላይ የእርሳስ ክብደት ሳታስር ልቀቀው፣ ራሱ ይዋኝ።

ኢል ደግሞ አለ፣ ለማታ ጥሩ ነው፣ አይሞትም። እባብ የመሰለ ነገር መጨበጥ የምትችል ከሆነ ሞክረው። እኔ ፐርች እያለልኝ ገንዘቤን አላወጣበትም።

ጊዜውን በተመለከተ ፀደይ ላይ ዓሣው ለመራባት ሲወጣ አብዛኛው የመራቢያ ወንዝ ለባስ ዝግ ነው። የእኛ ጊዜ ኦክቶበርና ኖቬምበር ነው። ሲመሽ ዊልሰን ድልድይ አካባቢ ወይም ሄይንስ ፖይንት ግንቡ ላይ፣ ውሃው ሲሞላ ወይም ሲጎድል፣ ማለትም ሲንቀሳቀስ። የቆመ ውሃ ላይ ቡናህን ጠጣ።

መንጠቆው ሰርክል ሁክ (ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ክብ መንጠቆ) መሆን አለበት፣ ከ2021 ጀምሮ ባስን በቤይት ለሚያጠምድ ግዴታ ነው። 5/0 የሚባለው መጠን ለፐርች ቤይት ይበቃል። ሲነካህ ደግሞ እንደ ለመድከው ዘንጉን ወደ ላይ አትንጠቅ። ይሂድ፣ ክሩ ይወጠር፣ ከዚያ ዝም ብለህ ሪሉን (ክር መጠቅለያውን) አዙር፣ መንጠቆው ራሱ የአፉ ጥግ ላይ ይገባል። ከነጠቅክ ግን ከአፉ ታወጣዋለህ። እንግዲህ የምትወጣበትን ቦታና የውሃውን ሰዓት እዚህ ጻፍልኝ፣ ከወንዙ ዳር ከሆነ ወይም ጀልባ ካለህ የምመክርህ ይለያያል።