ሩጫው ይቀላል፣ መጠየቁ ይከብዳል፦ ለዓላማ ገንዘብ ስለማሰባሰብ ጥያቄና መልስ

ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ እናንተም አላሳፈራችሁኝም። አማተር ሯጭ ነኝ፣ ፈጣን አይደለሁም። ግን እየሮጥኩ ለተለያዩ ዓላማዎች ገንዘብ ሳሰባስብ ቆይቻለሁ፤ ሌሎች ያሰባሰቡትን ስቆጥርና ስመዘግብም ሠርቻለሁ። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

አምስት ኪሎ ሜትር እንኳን ግማሹን በእርምጃ ነው የምጨርሰው። ለእንደኔ ዓይነቱ ሯጭ ገንዘብ የሚሰጥ ሰው አለ?

አለ እንጂ። ለፍጥነትህ የሚከፍል ሰው የለም፤ ሰዓትህን የሚጠይቅህ ሌላ ሯጭ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 እንግሊዛዊው ቶም ሙር በ99 ዓመታቸው የቤታቸውን ጓሮ 100 ጊዜ ሊመላለሱ ተነሱ። በእጃቸው የሚደገፉት መራመጃ ይዘው ነው። አንዱ ምልልስ 25 ሜትር ነበር። የጠየቁት 1,000 ፓውንድ ለጤና ባለሙያዎች ድጋፍ ነው። 100ኛ ዓመት ልደታቸው ሲያልፍ ከ32 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሰብስቦ ነበር። እርግጥ ጊዜው ኮሮና ሁሉንም ቤት የዘጋበት ነበር፤ ዜናውም አገር ምድሩን አዳርሶታል። አንተ ሚሊዮን አትጠብቅ። ግን የሠሩትን ልብ በል፦ ቀኑ የተወሰነ፣ ቁጥሩ የታወቀ፣ ዓላማው በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነገር። ይህንን ማንም ሊያደርገው ይችላል።

ለምን ግን ሩጫ? ዝም ብዬ «ለዚህ ጉዳይ ስጡ» ብል ምን ይጎድላል?

ቀን ይጎድልሃል። ሩጫ የማይራዘም ቀጠሮ ነው። «እስቲ እናያለን» የሚልህን ሰው «ሩጫው እሁድ ነው» ስትለው ይወስናል።

ሌላም ነገር አለ። ኦሊቮላ እና ሻፊር የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ልፋትና ሕመም ላለበት መዋጮ የበለጠ ለመስጠት ፈቃደኛ እንደሚሆኑ አሳይተዋል። የሚገርመው ይህ ለሁሉም ዓላማ እኩል አለመሥራቱ ነው። የሰው ስቃይን ለማቃለል ሲሆን ልፋቱ ይረዳል፤ ለመናፈሻ ዓይነት ለሚያስደስት ነገር ሲሆን ግን ያን ያህል አይደለም። ስለዚህ ለቤተ መጻሕፍት ወይም ለመጫወቻ ሜዳ የምታሰባስብ ከሆነ ማራቶን ሮጠህ ራስህን አታሰቃይ። አብረን እንብላ ብለህ ብትጠራቸው ሳይሻል አይቀርም።

ከማን ልጀምር? የመዋጮ ገጹን ኢንተርኔት ላይ ከፍቼ ለሁሉም ልልቀቀው?

አትልቀቂው! ሰው ሁሉ የሚስተው እዚህ ጋ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

በመጀመሪያ የራስሽን አስገቢ። ከዚያ ሊንኩን ለማንም ሳታሳዪ፣ ጠቀም አድርገው ይሰጣሉ ብለሽ የምታስቢያቸውን አምስት ስድስት የቅርብ ሰዎች ለየብቻ አነጋግሪ። በስልክ ወይም በአካል። እነሱ ከሰጡ በኋላ ነው ለሌላው የሚከፈተው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰው ገጹን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ከሱ በፊት የነበሩት ስንት እንደሰጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በለንደን ማራቶን የሮጡ ሰዎችን የመዋጮ ገጾች ያጠኑ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ነበሩ። ቀደም ሲል የተሰጠው አማካይ በ10 ፓውንድ ከፍ ሲል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው በአማካይ 2.50 ፓውንድ ያህል ጨምሮ ይሰጣል የሚል ውጤት አገኙ። የመጀመሪያዎቹ ሰጪዎች ለኋለኞቹ ልክ ያወጣሉ ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ሳንቲም ሳንቲም ከገባ ቀሪው ሰው በዚያው ልክ ይሄዳል። ይህ ትንሽ የሰጠን ለማሳነስ አይደለም፤ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው።

ባዶ ገጽ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቀድሞ ገብቶ መቀመጥ የሚወድ ሰው የለም።

መልእክቱን እንዴት ልጻፈው? ለሃምሳ ሰው ልኬ የመለሱልኝ ሦስት ናቸው።

የላክኸውን አይቼዋለሁ። «ውድ ወዳጆቼ፣ ለበጎ ዓላማ ስለምሮጥ የቻላችሁትን እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ» ይላል። በጨዋ ደንብ የተጻፈ ነው፤ ግን ለማንም አልተጻፈም። ሃምሳው ሰው እያንዳንዱ «ሌላው ይሰጣል» ብሎ አልፎታል። «የቻላችሁትን» የሚለውም ሰውን ያስጨንቃል። ስንት ነው የቻልኩት? ትንሽ ብሰጥ አፍራለሁ፣ ብዙ ብሰጥ ይጎዳኛል፣ ነገ አስብበታለሁ። ነገ ደግሞ አይመጣም።

እንዲህ ብትለውስ፦ «ሰላም አልማዝ፣ እንዴት ሰነበትሽ? የዛሬ ወር ግማሽ ማራቶን እሮጣለሁ። በእናቴ ሕመም ጊዜ አብረሽኝ ስለነበርሽ ካንቺ ልጀምር ብዬ ነው። ለካንሰር ሕሙማን ማረፊያ ነው የማሰባስበው። የአንድ ሰው የአንድ ሌሊት ማረፊያ ይህን ያህል ነው። አንድ ሌሊት ትሸፍኚልኛለሽ? ካልተመቸሽም በፍጹም አልቀየምም።»

ስሟ አለ፣ ለምን እሷ እንደተመረጠች አለ፣ መጠኑ አለ፣ መውጫ በርም አለ። መጨረሻ ላይ ያለችውን ዓረፍተ ነገር እንዳታወጣት። እምቢ ማለት እንደሚችል ያወቀ ሰው ነው እሺ የሚለው። አዎ፣ ለሃምሳ ሰው ለየብቻ መጻፍ ጊዜ ይፈጃል። ለልምምድ የምታወጣውን ሰዓት ታህል ለዚህም አውጣ።

ይሉኝታ ገደለኝ። መሮጡን እችላለሁ፣ አፌን ከፍቼ ስጡኝ ማለት ግን አልሆነልኝም።

ለራስሽ እየጠየቅሽ ስለሚመስልሽ ነው። «ስጡኝ» ከማለት «ይህን ጉዳይ እኔ ይዤዋለሁ፣ አብረሽኝ ትሆኛለሽ?» ማለት ይቀላል። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፦ ሳይጠየቅ የቀረ ወዳጅ ኋላ ላይ ሲሰማ ይቀየማል። «እኔን ምነው ዘለልሽኝ?» ያሉኝ ሰዎች «ምነው ጠየቅሽኝ» ካሉኝ ይበዛሉ።

ካስፈለገሽ ተቀያየሩ። ጓደኛሽ ላንቺ ትጠይቅ፣ አንቺ ለሷ። ለሰው መለመን እንዴት እንደሚቀል ታያለሽ።

ትልቅ ማራቶን በበጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ቦታ ይገኛል ይባላል። ምን ማለት ነው?

ትልልቅ ማራቶኖች ላይ መሮጥ የሚፈልገው ሰው ካለው ቦታ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. ለ2026ቱ የለንደን ማራቶን ዕጣ ብቻ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቧል። በጎ አድራጎት ድርጅቶች የተወሰነ ቦታ ገዝተው ይይዛሉ፤ አንተ ቦታውን ወስደህ ቢያንስ ይህን ያህል አሰባስባለሁ ብለህ ትፈርማለህ። መንገዱ ቀላል ገንዘብ አይደለም የሚያመጣው፦ እ.ኤ.አ. የ2024ቱ የለንደን ማራቶን 73.5 ሚሊዮን ፓውንድ አሰባስቧል።

ጥንቃቄው ፊርማው ላይ ነው። ቃል የገባኸውን ባትሞላ ምን ይሆናል? አንዳንዱ ድርጅት ልዩነቱን ከኪስህ ያስከፍልሃል፣ አንዳንዱ የመሮጫ ቁጥርህን ይከለክልሃል፣ አንዳንዱ ዝም ይላል። የቦታው ዋጋም ከምታሰባስበው ላይ ይነሳል። ስለዚህ ትንሽ የምታሰባስብ ከሆነ በራስህ ተመዝግበህ በራስህ ከፍለህ ብትሮጥ ለዓላማው የሚደርሰው ይበዛል። ይህንን ማንም አይነግርህም።

አንድ ድርጅት ሰው የሰጠውን ያህል እጨምራለሁ ብሎኛል። ሦስት እጥፍ እንዲያደርገው ልወትውተው?

አትድከም። ካርላን እና ሊስት የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ሙከራ አለ፤ ለ50,000 ያህል ሰዎች ደብዳቤ ተልኮ የተደረገ ነው። ሰው የሰጠውን ያህል እንደሚጨመር መናገሩ ብቻ የሰጪዎችን ብዛት 22 በመቶ ከፍ አደረገው። ጭማሪውን ሰው ከሰጠው ወደ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ማሳደጉ ግን የጨመረው ነገር አልነበረም። ያለህን ተቀበልና በጉልህ ጻፈው። ይልቅ እስከ መቼ እና እስከ ስንት ድረስ እንደሚጨምር በጽሑፍ ይስጥህ።

ገጹን ከፍቼ በመጀመሪያው ሳምንት ጥሩ ነበር። አሁን ጭር ብሏል።

የሁሉም ሰው መሐሉ ጭር ይላል። መጀመሪያና መጨረሻው ነው የሚሞቀው። ያንኑ ሊንክ በየቀኑ ግሩፕ ላይ መለጠፍህን ተው፤ ሰው ድምፅህን እያጠፋ ነው። አዲስ ነገር ሲኖር ብቻ ጻፍ፦ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ሞላሁ፣ ግማሹ ደረሰ። «እሰጣለሁ» ብለው የረሱትን በስም እየለየህ አስታውስ፤ አብዛኛው ረስቶ እንጂ ከፍቶ አይደለም። ሩጫው ካለቀ በኋላም ገጹን ወዲያው አትዝጋው። በላብ ተነክሮ ሜዳሊያ የያዘ ፎቶ አይቶ የሚሰጥ ብዙ ነው።

የአንድ ሕፃን ታሪክና ፎቶ ላድርግ ወይስ የችግሩን ስፋት በቁጥር ላሳይ?

የአንድ ሰው ታሪክ ይሻላል። ቁጥር ሲበዛ ሰው ይደነዝዛል። ፎቶውን ግን ቆም ብለሽ አስቢበት። ልጁ ነገ አድጎ ያን ፎቶ ሲያየው ምን ይላል? ወላጆቹ የት የት እንደሚወጣ ገብቷቸው ነው የፈቀዱት? እኔ ፊት አላወጣም። የታሪኩ ባለቤት አዋቂ ሆኖ ራሱ ካልፈቀደ በቀር ስምም አልጽፍም። ያለ ፎቶ ትንሽ ያነሰ ቢሰበሰብ ይሰብሰብ።

የጫማና የመመዝገቢያ ወጪዬን ከመዋጮው ብቀንስ ነውር ነው?

አዎ። ጫማው ያንተ ነው። የማትችል ከሆነ ቀድመህ ለይተህ ተናገር፦ «ምዝገባውን የሚሸፍንልኝ እፈልጋለሁ» በል። የሚሸፍን አይጠፋም።

ለታመመ ጎረቤታችን በግል ሒሳብ ቁጥር እያሰባሰብን ነው። ሐሜት ፈራን።

ደግ ፈራችሁ። ሒሳቡ ለዚህ ብቻ የተከፈተ ይሁን፤ ሁለት ሰው ካልፈረመ አይውጣ። የሚቻል ከሆነ ክፍያው በቀጥታ ለሐኪም ቤቱ ይሁን፣ ደረሰኙም ለሰጪዎች ይታይ። ገንዘቡ ቢተርፍ ወይም ታማሚው ቢያርፍ ለምን እንደሚውል ገና ሳትጀምሩ ጻፉት። ከባድ ወሬ ነው፣ አውቃለሁ። ኋላ ላይ ግን ይብሳል።

ቅድም የጠቀስኳቸውን የቶም ሙርን ነገር ልጨርስላችሁ። ያ ሁሉ ሚሊዮን ለታሰበለት ደርሷል። ነገር ግን ቆይቶ በስማቸው ሌላ ፋውንዴሽን ተቋቋመ። የእንግሊዝና ዌልስ የበጎ አድራጎት ተቆጣጣሪ እሱን መርምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት የቤተሰብ ጥቅምና የፋውንዴሽኑ ጥቅም እንደተደባለቀ ገለጸ። ሽማግሌው በዚያ ጊዜ በሕይወት አልነበሩም። የሐሜት መድኃኒቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተያዘ መዝገብ ነው።

ተጎድቼ ሩጫውን ባልጨርስ ገንዘቡን ልመልስ?

ለሰጪዎቹ ያኔውኑ ንገሪያቸው፤ መልሱልን ካሉ ይመለስላቸው። የሚል ሰው ማግኘትሽን ግን እጠራጠራለሁ። ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ በካንሰር አንድ እግሩን ያጣ ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 በሰው ሠራሽ እግር አገሩን ከዳር እስከ ዳር ሊያቋርጥ ተነሳ። በየቀኑ አንድ ማራቶን የሚያህል እየሮጠ በ143 ቀን 5,373 ኪሎ ሜትር ሄደ። ከዚያ ካንሰሩ ሳንባው ላይ ተገኘና አቆመ። ሕልሙ ከእያንዳንዱ ካናዳዊ አንድ ዶላር ነበር። ሩጫውን ሳይጨርስ፣ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ 24 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ፤ የአገሩ ሕዝብም ያን ጊዜ ያንኑ ያህል ነበር። በዚያው ዓመት በ22 ዓመቱ አረፈ። በስሙ የሚካሄደው ሩጫ ዛሬም በየዓመቱ አለ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ማራቶን ልሞክር ነው። ስንት ጊዜ ልዘጋጅ?

መሠረት ካለህ ከ16 እስከ 20 ሳምንት። ከሌለህ ዘንድሮ አሥር ኪሎ ሜትር ሩጥ፤ ለዓላማው ልዩነት የለውም። ውሃም ስላገኘህ ብቻ አትጠጣ። እ.ኤ.አ. በ2002 የቦስተን ማራቶን ከተመረመሩት ሯጮች 13 በመቶው የደማቸው ጨው ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኝቷል፤ ዋናው ምክንያት ከመጠን በላይ መጠጣት ነው። ሲጠማህ ጠጣ።

መሮጥ አልችልም፣ የምሰጠው ገንዘብም የለኝም። ምን ልርዳ?

ዛሬውኑ ሥራ አለልሽ። አብዛኛው ሯጭ ገንዘቡ ከገባ በኋላ ድካም ይይዘውና ይጠፋል። የሰጪዎችን ዝርዝር ተቀበዪው። ማን ምን ያህል እንደሰጠ፣ ማን ስሙ እንዳይጠቀስ እንደፈለገ ለይተሽ መዝግቢ። ለእያንዳንዱ የምስጋና መልእክት ጻፊ፤ በሩጫው ሳምንት ውስጥ መድረስ አለበት። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ደግሞ ገንዘቡ ምን እንደሠራ ከድርጅቱ ጠይቀሽ፣ በአጭሩ አንድ አንቀጽ አድርገሽ ላኪላቸው። ያኔ ገንዘብ አትጠይቂያቸው።