ስታንዳርድ እከተላለሁ ብሎ ለማይከተል የድምፅ ካርድ ድራይቨር መጻፍ

የኮዬ ፈጬው ወንድማችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከመርካቶ የገዛው የዩኤስቢ ድምፅ ካርድ ዊንዶውስ ላይ ይሠራል። ሊኑክስ ላይ ግን ገና ሲከፈት የስህተት መልእክት ያወጣል፣ ጥቂት ቆይቶም ድምፁ መንጣጣት ይጀምራል። በዩኤስቢ የድምፅ ስታንዳርድ (አምራቾች ሁሉ ሊከተሉት በሚገባው የጋራ ደንብ ሰነድ) መሠረት አዲስ ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ከካርዱ ጋር የሚነጋገርበትን ፕሮግራም፣ ከባዶ ልጻፍ ወይ?

አትጻፍ። እኔ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ለቤተ ክርስቲያንና ለሠርግ አዳራሽ የድምፅ ዕቃ እገጣጥማለሁ፤ እንዲህ ያለ ካርድ በየጊዜው እጄ ይገባል። ድራይቨርህ ለሰነዱ በታመነ መጠን ካርዱ ይብስበታል፤ ምክንያቱም ሠሪው የተፈተነው በሰነዱ ሳይሆን በዊንዶውስ ነው። እዚያ ድምፅ ከሰጠ ወደ ካርቶን ገብቷል። ሁለተኛው የስታንዳርዱ እትም በ2006 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ዊንዶውስ ለእሱ የራሱን ድራይቨር ያካተተው በ2017 ነው። በመሃሉ ባሉት ዓመታት አምራቾች የየራሳቸውን ድራይቨር ይሰጡ ስለነበር የቺፑን ግድፈት እዚያው ውስጥ ለመሸፈን ምቹ ነበር።

ስለዚህ ከሰነዱ በፊት ሽቦው ላይ የሚያልፈውን አንብብ። ሊኑክስ ላይ ዊንዶውስን በቨርቹዋል ማሽን (በኮምፒውተሩ ውስጥ በሚሠራ ምናባዊ ኮምፒውተር) ጫን፣ ካርዱን ለእሱ አሳልፈህ ስጥ፣ ንግግራቸውን ከውጭ ሆነህ የዩኤስቢ ልውውጥ በሚቀዱት በዩኤስቢሞንና በዋየርሻርክ ቅዳ። ከዚያ ሊኑክስ ብቻውን ከካርዱ ጋር ሲነጋገር የተቀዳውን አጠገቡ አድርገህ አመሳክር። ዊንዶውስ ያልጠየቀውን ጥያቄ ሊኑክስ ሲጠይቅ ካየህ ተጠርጣሪህን አገኘህ።

የስህተት መልእክትህ ከዚሁ ወገን ይመስለኛል። የሊኑክስ ድራይቨር የናሙና ፍጥነቱን (ድምፁ በሰከንድ በስንት ቁጥሮች እንደሚገለጽ) ካዘዘ በኋላ «አሁን ስንት ላይ ነህ?» ብሎ መልሶ ያነባል። ርካሽ ካርዶች ይህን ጥያቄ እምቢ ይላሉ፣ አንዳንዱም ጭራሽ ይደርቃል። የዩኤስቢ ድምፅ ሞጁሉን (ድራይቨሩ ያለበትን የሊኑክስ ክፍል) ስትጭን ኩዊርክ ፍላግስ (quirk_flags) ለሚባለው መለኪያ 1 ብለህ ስጠው፤ ማንበቡን ይተወዋል። ኮድ መንካት አያስፈልግም።

መንጣጣቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በመጀመሪያ የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለህ በባትሪ ሞክር። እኛ ሰፈር የመሬት ሽቦ የሌለው ቤት ብዙ ነውና መንጣጣቱ ከጠፋ ጥፋቱ የኤሌክትሪክ ነው፤ ድራይቨሩን አትውቀሰው። ካልጠፋ ሒሳቡን እንይ። በ44,100 ሄርዝ በየሚሊሰከንዱ 44 ናሙና ይላካል፣ በየአሥረኛው 45። የካርዱ ክሪስታል (ፍጥነቱን የሚቆጥርበት የራሱ ሰዓት) ከኮምፒውተሩ ሰዓት በሚሊዮን 50 ብቻ ቢለይ በየሰከንዱ ከ2 ናሙና በላይ ይጠራቀማል። ናሙናዎቹ እስኪጫወቱ በሚጠብቁበት የካርዱ ማቆያ ውስጥ የ200 ናሙና ቦታ ብቻ ካለ አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ሲሆን ይሞላል፣ ልዩነቱ በተቃራኒው ከሆነም ባዶ ይቀራል። «ጥቂት ቆይቶ» ያልከው ይህን ይመስላል።

መድኃኒቱ ካርዱ የራሱን ፍጥነት የሚናገርበት ፊድባክ ነበር። ከሁለቱ የዩኤስቢ ፍጥነቶች በዝግተኛው፣ በፉል ስፒድ፣ መልእክቱ 3 ባይት ነው፤ 10 ቢት ለሙሉ ቁጥሩ፣ 14 ለክፍልፋዩ። በፈጣኑ፣ በሃይ ስፒድ፣ 4 ባይት ሆኖ 16 በ16 ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ካርድ ስላለ የሊኑክስ ድራይቨር የመጀመሪያውን ቁጥር ከሚጠበቀው እስኪቀራረብ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ እየገፋ ቅርጹን ይገምታል፤ ከዚያ በኋላ ከስምንት አንድ እጅ በላይ ዝቅ ብሎ የሚመጣውን ይጥለዋል። ይህን የጻፉት ሰዎች ብዙ ውሸታም ካርድ አይተዋል! ያንተ ካርድ ፊድባክ ጭራሽ የማይልክ ከሆነ፣ ማይክሮፎን መግቢያም ካለው፣ የዚያኑ ሞጁል ኢምፕሊሲት ኤፍቢ (implicit_fb) የሚለውን መለኪያ 1 አድርገው፤ ድራይቨሩ የሚገባውን ናሙና እየቆጠረ በዚያው ልክ ያስወጣል።

ከሠራልህ መፍትሔውን በከርነሉ (በሊኑክስ እምብርት) የልዩ ሁኔታዎች ሰንጠረዥ ላይ በአምራችና በምርት መለያ ቁጥሩ ማስመዝገብ ትችላለህ። ግን አትቸኩል፤ ርካሽ ካርዶች የሌላውን መለያ ቁጥር ቀድተው ይመጣሉና ለአንዱ የጻፍከው ለሌላው በሽታ ይሆናል። ከአንድ ሱቅ ተመሳሳይ ካርቶን ሁለት ገዝተህ ብትፈታቸው ቺፑ ሊለያይ ይችላል። የመሣሪያውን የእትም ቁጥርም አብረህ አረጋግጥ።

መለያ ቁጥሩን፣ የእትም ቁጥሩንና ፊድባኩ መጀመሪያ የላካቸውን ጥቂት ቁጥሮች ጻፍልን፤ ማታ መብራት ካለ አየዋለሁ።